የስልኳ እናትና የቤቷ እናት፦ እውነተኛዋ የትኛዋ ናት?

መስመር_ላይ_ነኝ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ እያነበብኩ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

ሥራዬ የደንበኞችን ስልክ መቀበል ነው። ቀኑን ሙሉ ጥሪ በጥሪ ላይ ነው። አብዛኛው ደዋይ ተናዶ ነው የሚደውለው። እኔ ደግሞ የማልናደድ ሰው ነኝ። ማለቴ፣ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ እስካለ ድረስ። ድምፄ ራሱ ይቀየራል። ቀጠን፣ ለስለስ ይላል። «ገብቶኛል፣ በጣም ይቅርታ፣ አሁኑኑ አብረን እናየዋለን» እላለሁ። ሰውዬው ይሰድበኛል፣ እኔ ፈገግ እላለሁ። ፈገግታ በስልክ ይሰማል ብለው ነው ያሠለጠኑን። እውነትም ይሰማል።

ሰሞኑን አንዳንድ ቀን ከቤት መሥራት ጀምሬያለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ስትሰማኝ ቆይታለች። 7 ዓመቷ ነው። እኔ አላየኋትም። ጥሪውን ዘግቼ ስነሳ አንዱ ጫማዋ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ደብተሮቿ መሐል ወለል ላይ ተዘርግፈዋል። «ስንቴ ነው የምነግርሽ! አንቺ ልጅ ጆሮ የለሽም?» አልኳት። ጮኼ ነው።

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «እማ፣ ለምን እኔን እንደ ስልኩ አታናግሪኝም?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ጫማውን ራሴ አነሳሁት።

እስከ ዛሬ የሥራዋን እኔን እንደ ጭንብል ነበር የማያት። እውነተኛዋ ቤት ያለችው ናት እል ነበር። እንደዚያ ከሆነ እውነተኛዋ እኔ ጯኺዋ ናት ማለት ነው? ትዕግሥቴን ሁሉ ለማላውቀው ሰው ሰጥቼ፣ ለወለድኳት የተረፈኝ ንጭንጭ ነው? ምን ትላላችሁ?

ቀጥታ_ተናጋሪ

ወንድሜ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ማስመሰል አቁም። እኔ ከአለቃዬም ከጓደኛዬም ከእናቴም ጋር አንድ ነኝ። የሆዴን እናገራለሁ። የወደደ ይወደኛል፣ ያልወደደ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

መስመር_ላይ_ነኝ

እህትህ ነኝ። ልጅቷ «እማ» ብላኛለች እኮ። እስከ መጨረሻው አላነበብከውም አይደል?

ቀጥታ_ተናጋሪ

ይቅርታ እህቴ። ግማሹ ላይ ስደርስ ነው መልስ መጻፍ የጀመርኩት። ሐሳቤ ግን ያው ነው።

ገጽ_ገላጭ

«ወንድሜ፣ ማስመሰል አቁም» ብለህ ጀመርክና ወዲያው «ይቅርታ እህቴ» አልክ። አንድ ነኝ ያለው ሰውዬ ሁለት መልስ ሳይሞላ ሁለት ሆነ። ቀልዴን ነው።

ግን ነገርም አለው። በአማርኛ አፍህን ለመክፈት መጀመሪያ ማን ፊት እንዳለህ መወሰን አለብህ። «መጣህ»፣ «መጣሽ»፣ «መጡ»። ከሁሉም የሚያመልጥ መሐለኛ ግሥ የለም። «ና» ያለው አፍ ዞር ብሎ «ይምጡ» ይላል፣ ትከሻውም አብሮ ዝቅ ይላል። ይሄን ማስመሰል የሚለው ሰው የለም። ቋንቋ መቻል ነው የሚባለው።

ቃላቱን ራሳቸውን እዩአቸው። ልቦለድ ውስጥ ያለውን ሰው «ገጸ ባሕርይ» እንለዋለን። ገጽ ፊት ነው፣ ባሕርይ የውስጥ ተፈጥሮ ነው። ሁለቱን አጣብቆ አንድ ሰው ያደረገ ቃል ነው፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። በላቲን ደግሞ «ፐርሶና» የመድረክ ጭንብል ነበር። ኋላ ላይ ሰውዬውን ራሱን ሊጠሩበት ጀመሩ። «ግብዝ» ብለን የምንተረጉመው የግሪኩ «ሂፖክሪቴስ»ም መጀመሪያ ስድብ አልነበረም። የቲያትር ተዋናይ ማለት ነበር።

የሥነ ልቦና ሐኪሙ ካርል ዩንግ (እ.ኤ.አ. 1875–1961) ፐርሶናን ከቲያትሩ አውርዶ፣ ሰው ወደ ውጭ ለሚያሳየው ፊት ስም አደረገው። ጭንብል መኖሩን አልጠላም፣ ያለሱ ከሰው ጋር መኖር እንደማይቻል ያውቃል። የፈራው ጭንብሉና ፊቱ የተጣበቁበትን ሰው ነው። እራት ላይም ዳኛ፣ ልጆቹ ፊትም ፕሮፌሰር የሆነ ሰው አይታችሁ አታውቁም? እሱን።

ዝምተኛው_44

እህቴ፣ እኔ ያንቺ ተገላቢጦሽ ነኝ። ሥራዬ ያልተከፈለ ብድር ማስመለስ ነው።

በተፈጥሮዬ ወንበሬ ላይ የተኛች ድመት ማስነሳት የሚያሳቅቀኝ ሰው ነኝ። ስልኩን ሳነሳ ግን ሌላ ሰው ይገባብኛል። «ቃል የሰጡበት ቀን አልፏል። ምክንያት ለመስማት አልደወልኩም።» ይሄን በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው እኔ ነኝ የማውቀው። ሲያለቅሱ ዝም እላለሁ። ዝምታው ራሱ ያሠለጠኑን ነገር ነው። አንቺ ፈገግታ ተማርሽ፣ እኔ ዝምታ ተማርኩ።

መጀመሪያው ወር ላይ ከባድ ጥሪ በጨረስኩ ቁጥር ሄጄ እጄን እታጠብ ነበር። የነካሁት ነገር የለም እኮ። ዝም ብዬ እታጠባለሁ። አሁን አልታጠብም። የሚያስፈራኝ መታጠቤ አልነበረም፣ ማቆሜ ነው።

በቅርቡ ታናሽ ወንድሜ የተበደረኝን ትንሽ ገንዘብ ሲያዘገይ ደወልኩለት። «ሄሎ» አለኝ በደስታ። «ቃል የሰጠህበት ቀን…» ብዬ ስጀምር ድምፄን ሰማሁት። የሥራው ድምፅ ነው። ዘጋሁት። መልሶ ሲደውል ባትሪ ጨርሼ ነው ብዬ ዋሸሁት።

ገጽ_ገላጭ

ሁለታችሁ እዚህ መገናኘታችሁ ይገርማል። አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው ጥናት ልክ እናንተን ነው ጎን ለጎን ያስቀመጠችው፦ የበረራ አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን። አንዷ ከሚሰማት በላይ ደግ እንድትሆን ይከፈላታል። ሌላው ከሚሰማው በላይ ጨካኝ እንዲሆን ይከፈለዋል።

ሁለት ዓይነት ትወና ለየች። አንዱ ላይ ላዩን ነው። ፊትህን ትቀይራለህ፣ ውስጥህ እንደነደደ ይቀራል። ሌላው ጠለቅ ይላል። ስሜቱን ራሱን ከውስጥ ለማምጣት ትሞክራለህ። አስተናጋጆቹን የሚጮኸውን ተሳፋሪ እንደ ሕፃን እዩት፣ ምናልባት መብረር ፈርቶ ይሆናል ይሏቸው ነበር። የሚሠራ ዘዴ ነው። ችግሩ፣ ስሜትህን ለሥራ እንዲህ ስታዘው ከከረምክ በኋላ፣ የራስህ ሲመጣ መለየት ሊያቅትህ ይችላል። የዝምተኛው እጅ መታጠብ እዚህ ላይ የሚገባ ይመስለኛል።

መስመር_ላይ_ነኝ

ቆይ ቆይ። እንደ ሕፃን እዩት? እኛንም በዚያው ቃል ነው ያሉን!

እና እኔ ቀኑን ሙሉ ትልቁን ሰውዬ ሕፃን ነው ብዬ ሳባብል እውልና፣ ማታ ሕፃኗን እንደ ትልቅ ሰው እቆጣታለሁ። ይሄ ነገር ገና አሁን ነው የታየኝ። ትንሽ ልቀመጥ።

ሳቂታ_ነበርኩ

እኔ ከሁላችሁም ልለይ። ጭንብል እየተባለ ስሙ ጠፋ እንጂ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

ዓይነ አፋር ነበርኩ። ሰው ስሜን ሲጠራኝ ጆሮዬ ይቀላል። አንድ አስተማሪዬ ክበብ ውስጥ አስገባኝና የመድረክ መሪ አደረገኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክ ስይዝ ሌላ ሰው ሆኜ ተናገርኩ፣ የአጎቴን አነጋገር ነው ቃል በቃል የሰረቅኩት። ዓመት ሙሉ አጎቴን ሆኜ ከረምኩ። ከዚያ አንድ ቀን እየቀለድኩ ሳለ አጎቴ እንደዚህ እንደማይቀልድ አስተዋልኩ። ቀልዱ የራሴ ነበር። መቼ የራሴ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ዊልያም ፍሊሰን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎች በቀን ውስጥ በተለያየ ሰዓት ምን እየሠሩ እንደሆነና ምን እንደሚሰማቸው እንዲመዘግቡ አድርጎ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ላይ፣ በተፈጥሯቸው ቁጥብ የሆኑትም ሰዎች ጨዋታ በከፈቱበት ሰዓት የተሻለ ደስታ ነው የመዘገቡት። በ2010 ደግሞ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ሌላ ነገር አሳየ፦ እንዲህ ተጫዋች በሆኑበት ሰዓት «አሁን ራሴን ነኝ» የሚለው ስሜትም ከፍ ይላል። ቁጥቦቹም ጭምር። ስለዚህ ያለ ድካም የሚወጣው ብቻ ነው እውነተኛው ማንነት የምትሉ፣ እስቲ እሱን አስረዱኝ።

ሦስት_ሰከንድ

ላስረዳ። ኦቲዝም አለብኝ፣ ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ለእኔ ጭንብል ዘይቤ አይደለም።

ሰው ሳናግር በልቤ እቆጥራለሁ። ሦስት ሰከንድ ዓይኑን አያለሁ። ከዚያ ቅንድቡን። ከዚያ ወደ ጎን። እንደገና ሦስት። እየቆጠርኩ የሚለውን መስማት አለብኝ፣ ሳቅ የሚያስፈልግበትን ቦታ መጠበቅ አለብኝ፣ እጄ እንዳይንቀሳቀስ ጭኔ ሥር አስቀምጠዋለሁ። «አንተ እኮ ጎበዝ አድማጭ ነህ» ይሉኛል። ማታ ቤቴ ስገባ መብራት ሳላበራ ወለሉ ላይ እተኛለሁ። አንዳንዴ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት።

ሳቂታ፣ ላንተ ሚናው አድጎ አንተን ሆነ። እኔም እንደዚያ ይሆናል ብዬ ብዙ ዓመት ጠብቄያለሁ። አልሆነም። ያው ቁጥር ነው። አንተ የተዋስከው ልብስ ልክህ ነበረ፣ የእኔ ትከሻው ላይ ይጠባል። ያልከው ጥናት ስለ ብዙኃኑ ነው። እኔ ጋ አልደረሰም።

ሳቂታ_ነበርኩ

ልክ ነህ። «አስረዱኝ» ያልኩበት አነጋገርም ትንሽ ጉራ ነበረበት። ለአንተ ሳትቆጥር የምታወራው ሰው አለ?

ሦስት_ሰከንድ

አንድ። እሱም አብሮኝ ሲሆን መስኮት ነው የሚያየው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የምናወራው።

ቀጥታ_ተናጋሪ

ሁላችሁም ጥናት ጥናት አላችሁ። ስሙ ተቀየረ እንጂ ይሄ ሁሉ ይሉኝታ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ይሉኝታችሁን ጣሉት፣ ጭንብሉ አብሮ ይወድቃል።

ገጽ_ገላጭ

ይሉኝታ የሌለው ሰው ምን ተብሎ እንደሚሰደብ ታውቃለህ። «ይሉኝታ ቢስ»። ሕዝቡ ይሉኝታ ያለበትን ያሾፍበታል፣ የሌለውን ይረግመዋል። በመሐል ትንሽ ቦታ ትቶልናል መሰለኝ።

ደግሞ እንዳንተ ያለውን ሰው ሳይንሱ አልረሳውም። ማርክ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ1974 የ25 ዓረፍተ ነገር መለኪያ አወጣ፣ እውነት ወይ ሐሰት እያልክ ትመልሳለህ። ከሰው ከሰው ራሱን የሚያስተካክለውን የትም ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነው ይለያል። አንተ ዝቅተኛውን ነጥብ የምታገኝ ይመስለኛል። ይሄ መታመም አይደለም። ግን ከሌላው የበለጠ እውነተኛ ነህ ማለትም አይደለም።

አያት_ነኝ

ልጆቼ፣ ብዙውን አነበብኩት፣ ግማሹ ገባኝ።

አንቺ የስልኳ ልጄ፣ እኔ አምስት አሳድጌያለሁ፣ በአምስቱም ላይ ጮኼያለሁ። ሰው ቤቱ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ እግሩም ይሸታል። የሚሸተው እግሬ ነው እውነተኛው እግሬ ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን አላየሁም። ይታጠባል ይተኛል።

መስመር_ላይ_ነኝ

እማማ፣ ሥራ ቦታ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰዎች እያዩኝ ነው።

ገጽ_ገላጭ

እማማ የተናገሩትን ኧርቪንግ ጎፍማን መጽሐፍ ጽፎበታል። የካናዳ ተወላጅ የሶሲዮሎጂ ምሁር ነው። ለጥናት ወደ ስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴቶች ሄዶ፣ አንዲት ትንሽ ሆቴል ውስጥ ሠራተኞቹን ይመለከት ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ናቸው። በሯን ገፍተው ወደ እንግዶቹ ሲወጡ ፊታቸው፣ ድምፃቸው፣ አረማመዳቸው ሌላ ነው። በእኛ ቋንቋ ጓዳና አደባባይ ልንለው እንችላለን። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

ብዙ ሰው ጎፍማንን ሲጠቅስ፣ ጓዳ ውስጥ ያለው እውነተኛው ነው፣ አደባባይ ያለው ውሸት ነው ያለ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም። ጓዳም የራሱ ደንብ አለው። ወጥ ቤት ውስጥ እንግዶቹን የማያማ ሠራተኛ «ምን ሆነሃል?» ይባላል። ማማቱም ሚና ነው።

እና እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ እኔ እንደሚገባኝ የጭንብል አይደለም። ማዳመጫውን ስታወልቂ ጓዳ የገባሽ መስሎሻል። ልጅቷ ግን በሩ ሥር ቁጭ ብላለች። ለእሷ አደባባዩ እዚያ ነው። ሌላ አደባባይ ገና የላትም።

አወያይ

ሁለት መልስ አንሥቻለሁ። ሰውን በሕመሙ ማሾፍ እዚህ አይቻልም። ቀጥሉ።

ዝምተኛው_44

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጨካኙ እኔ ጭንብል ነው ስል ሁሉም ሰው በቀላሉ ይስማማል። እሷ ደጓ እኔ ጭንብል ናት ስትል ግን ሰው ሁሉ «አይ፣ እሷም አንቺ ነሽ» ሊላት ነው የሚፈልገው። ለምን?

ገጽ_ገላጭ

ኧረ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው! ጆርጅ ኒውማን፣ ፖል ብሉምና ጆሹዋ ኖብ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት የደረሱበት ይሄንኑ ነው። ሰዎች ስለ አንድ ሰው «እውነተኛ ማንነት» ሲጠየቁ፣ እነሱ ራሳቸው ጥሩ ነው ብለው የሚያምኑትን ክፍል ይመርጣሉ። አንድ ሰው ስሜቱ ወደ አንዱ፣ እምነቱ ወደ ሌላው ሲጎትተው፣ «የቱ ነው እሱ?» ብትላቸው፣ መልሱ የሚወሰነው ፈራጁ የትኛውን እንደሚደግፍ ነው።

ስለዚህ «እውነተኛው እኔ» ስንል ያገኘነውን እየተናገርን አይደለም፣ የወደድነውን እየመረጥን ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ እነሱ ላይ አላላክክም።

ዝምተኛው_44

እንግዲያው እኔም መምረጥ እችላለሁ ማለት ነው። ትላንት ለወንድሜ ደወልኩ። ስለ ገንዘቡ አላነሳሁም። ባትሪዬ እንዳላለቀ ነገርኩት።

ቀጥታ_ተናጋሪ

እሺ፣ አንድ ነገር ልናገር።

አባቴ ታሞ የመጨረሻው ሰሞን ላይ በየቀኑ እሄድ ነበር። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ገብቼ «አባዬ፣ ዛሬ ደህና መስለሃል» እለዋለሁ። አልመሰለም ነበር። እሱም «አዎ፣ ዛሬ ቀለል ብሎኛል» ይለኛል። አልቀለለውም። በየቀኑ እንደዚህ ተባብለን ነው የተለያየነው። ከእናቴም ጋር አንድ ነኝ ብዬ ስጽፍ አባቴን ያልጠራሁት ረስቼ አይደለም።

ያኔ አስመሳይ ነበርኩ ብዬ አላስብም። ግን የሆዴን አልተናገርኩም። ወይም ተናግሬያለሁ፣ በሌላ ቃል። አላውቅም። ወደ ክሩ ተመለሱ።

አያት_ነኝ

ሰምና ወርቅ ነው ልጄ። ሁለታችሁም ወርቁን ሰምታችኋል።

ሦስት_ሰከንድ

ይሄኛውን ሳልቆጥር ነው ያነበብኩት።

መስመር_ላይ_ነኝ (ከሦስት ቀን በኋላ)

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ማታ ልጄን በስልኩ ድምፅ አናገርኳት። ሆን ብዬ ነው። «የኔ ቆንጆ፣ እባክሽ ደብተሮችሽን ብታነሺልኝ ደስ ይለኛል» አልኳት፣ በዚያች ቀጭን ድምፅ። ትክ ብላ አየችኝ። «እማ፣ አሁን ሥራ ላይ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ደብተሮቹን አላነሳችም።

አፈርኩ። ድምፁን አልነበረም የፈለገችው ማለት ነው። በኋላ ሳስበው፣ ስልክ ላይ ሆኜ ሌላም የማደርገው ነገር አለ። ሰውዬውን እጠይቀዋለሁ። «መቼ ነው የጀመረው? ምን ሞከሩ?» እላለሁ፣ ከዚያ መልሱን እጠብቃለሁ። ልጄን ምንም አልጠይቃትም፣ እነግራታለሁ እንጂ።

ትላንት ከትምህርት ቤት ስትመጣ ማዳመጫውን አውልቄ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን እንደምላት ግራ ገብቶኝ ዝም አልኩ። እሷ እርሳስ አነሳችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ሄሎ?» አለች።

«ሄሎ፣ ምን ልታዘዝ?» አልኩ። ይሄ ከአፌ ሳላስበው ነው የሚወጣው።

«ጫማዬ ጠፍቶብኛል። በጣም ተናድጃለሁ!»

«በጣም ይቅርታ። መቼ ነው የጠፋው?»

አሰበች። «እናቴ ስትጮህ» አለች።

አለቀስኩ ብዬ ብነግራችሁ ትፈርዱብኛላችሁ። ሳቅኩም። የቱ ድምፅ እንደነበር እንጃ፣ የስልኩም የቤቱም አልነበረም። አልጋ ሥር ገብተን ፈለግን።

አያት_ነኝ

ተገኘ ወይ?

መስመር_ላይ_ነኝ

አንዱ ተገኝቷል፣ እማማ።